የአማቴ ሳቲን እና የጧፍ ሰም

ቅዳሜ ጠዋት ገሳይ ከተማ ከሚኒባስ ወርጄ አማቴ ደጃፍ ስደርስ በሩ ተዘግቷል... ከውስጥ ግን ሳል ይሰማኛል።

«እማማ!» አልኩ። ሳሉ ቆመ።

«እማማ አንጓች! እኔ ነኝ!» በሩ አልተከፈተም።

እዚያው በር ላይ እንባዬ መጣ። ለምን እንደተደበቁኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የእማማ አንጓች የመጨረሻ ልጅ ነው። እኛ ደብረ ታቦር ነን፤ እሳቸው ብቻቸውን ገሳይ። ከወር በፊት ሊጠይቁን መጥተው ሲመለሱ ውሃ ሰማያዊ የሳቲን የመኝታ ልብስ ሰጠኋቸው። እጅጌው ረጅም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ አንገቱ ላይ ዳንቴል ያለበት። ሱቅ ውስጥ ሳየው ልቤ ወደደው፤ ብዙም አላሰብኩበትም። እናቴ ስትሰማ ግን ጮኸችብኝ። «ለአማት የመኝታ ልብስ ይሰጣል? አንቺ ልጅ አብደሻል?»

ከዚያ ወዲህ እማማ ስልኬን ማንሳት ተዉ። ልጃቸው ሲደውል ያነሳሉ። «ሙሽራዬን ሰላም በልልኝ» ብለው ቶሎ ይዘጋሉ። ባለቤቴ «ኔትወርክ ነው» ይላል... ኔትወርኩ እኔን ብቻ መርጦ ነው? አስቀይሜያቸዋለሁ፣ እናቴ ልክ ነበረች አልኩ። ብቻዬን የሄድኩትም ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

በመጨረሻ በሩ ገርበብ አለ። እማማ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

«ልጄ... አንቺን የማይበት ዓይን የለኝም።»

«ኧረ እኔ ነኝ እንጂ እማማ! ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላስበው ነው...»

«ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?»

ሁለታችንም ግራ ገባን። እጄን ይዘው አስገቡኝና ከአልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያ ሳቲን ነው። ፊት ለፊቱ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ሰም ደርቆበታል። በዙሪያው ክሩ እዚህም እዚያም ተመዝዟል።

«የማርያም ለት ለብሼው ሄድኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ጧፏን አዘንብላ... ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቤት ገብቼ በጥፍሬ ልፋቀው ብል ክሩ እየተመዘዘ መጣብኝ። ስጦታሽን ባንድ ቀን አበላሸሁት። ስትደውይ 'እንዴት ሆነልዎ' ብትይኝ ምን ልልሽ?» በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን ሐሳቤ አንድ ቦታ ላይ ቀርቷል... የማርያም ለት?! ቤተ ክርስቲያን?! በመኝታ ልብስ?!

ዋጥ አደረግኩት። የሚያለቅስ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም። «ይለቃል እማማ፣ ያምጡት» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። ስለ ሳቲን ትንሽ ያወቅኩት የራሴን የሚዜነት ቀሚስ በጋለ ካውያ ካቃጠልኩ በኋላ ነው። ገሳይ ብርዱ ኃይለኛ ነውና ሰሙ ድርቅ ብሏል፤ በማንኪያ ጠርዝ ቀስ እያልኩ ሳነሳው እየተሰነጠቀ ወጣ። ከሥሩ የቀረው ቅባት ነበር የሚያስፈራው። ከላይና ከታች ንጹሕ አሮጌ ነጠላ አደረግንበት። ካውያ አላመንኩም። የብረት ኩባያ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልቼ በቂጡ ጫን፣ አነሳ... ጫን፣ አነሳ። እማማ ጎንበስ ብለው ያዩኛል።

ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው ሰሙን ጠጥቶታል።

«ሰው ነሽ!» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

ጨርቁን እየቀያየርን ሦስት አራቴ ደገምነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ላይ ቀዳን፤ ከቦርሳዬ ሻምፑ አውጥቼ ጠብ አደረግኩበት። ጋቢ ማጠብ የለመደው የእማማ ክንድ ግን ልብሱን አፈፍ አድርጎ ሊጠመዝዘው ሲል...

«አይጭመቁት!»

«ሳይጨመቅ የሚደርቅ ልብስ አለ?»

«በፎጣ ጠቅልለን ጫን ጫን ነው እንጂ።»

«ውይ... እንደ አራስ ልጅ ነው እኮ የሚያዝ!»

ፀሐይ እንዳይነካው ከቤቱ ጀርባ ጥላ ላይ ሰቀልነው። ተመዝዞ የወጣውን ክር በመርፌ ወደ ውስጥ መለስኩት። እንደ ጥላ የሳሳች ምልክት ብትቀርም ካልነገሩት ሰው አያያትም። እማማ ደግመው ደጋግመው እየሄዱ ዳሰሱት። ፊታቸው ሲፈካ አየሁና አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። አሁን ካልነገርኳቸው ነገ ሌላ ሰው ይነግራቸውና ያፍራሉ።

«እማማ... አንድ ነገር ልንገርዎት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ልብስ... የመኝታ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አውቃለሁ እኮ!»

«ምን?»

«ይዤው የገባሁ ለት ከፌስታሉ ሳወጣው የጎረቤቴ ልጅ ነግራኛለች።»

«ታዲያ እማማ... አውቀው ነው ለብሰውት የሄዱት?»

«ኧረ ተይኝ! ሙሽራዬ ያለበሰችኝን ጨለማ ውስጥ ልተኛበት? ቁንጫ ያድንቅልኝ?»

አቅፌያቸው ሳቅኩ... መሃል ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ። አንድ ወር ሙሉ እኔ እሳቸውን አስቀየምኩ ብዬ፣ እሳቸው እኔን አስቀየምኩ ብለው፣ ሁለታችንም ስልኩን እያየን ስንፈራ ከርመናል።

ያን ቀን ሳያድሩ መሄድ የለም ተባልኩና አደርኩ። እሑድ ማለዳ ሳቲናቸውን ለብሰው፣ በመቀነት ሸብ አድርገው፣ ነጠላቸውን ደርበው አብረን ቅዳሴ ሄድን። አምሮባቸዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ስንወጣ አንዲት እናት እጅጌውን ዳሰስ አድርገው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለው የት ይገኛል?»

አፌን ሳልከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«እሱማ አይገዛም፤ መጀመሪያ ምራት ማግኘት ነው!»

ከእንግዲህ ለእማማ ስጦታ ስገዛ በደንብ አስቤ ነው... የትም ይለበስ ተብሎ ይሠራ፣ ማርያም ደጅ መድረሱ አይቀርም።