ግማሽ የወረደው ፋይል

እህቴ ፈሪ ናት። ለሐሜት አይደለም፤ ራሷም ትናገረዋለች። ሃያ ዓመት ላቦራቶሪ ስትሠራ አንዱን የማይክሮስኮፕ ስላይድ ደጋግማ ሳታይ ውጤት ጽፋ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታላችን የባዮኢንፎርማቲክስ ኮርስ መጣልን፤ የጀርሞችን ዘረ መል በኮምፒውተር ማንበብ ነው ነገሩ። ተማሪዎቹ የተቀዳውን ቪዲዮ እኛ ክፍል ተሰብስበው ያያሉ፣ አስጠኚ አጠገባቸው ሆና ታሠራቸዋለች፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ መምህሩ ከሩቅ አገር በስክሪን ብቅ ይላል። እህቴን አስጠኚ ሁኚ ሲሏት እምቢ ልትል ነበር። «ትናንት የተማርኩትን ዛሬ ላስተምር?» አለችኝ። እኔ የክፍሉን ኮምፒውተሮች የምጠግን ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ «ፈሪ ለእናቱ» ብዬ ሳቅኩባት።

ኢንተርኔታችን ኤሊ ነው። ሃያ ሰው ፋይል ላውርድ ቢል አይሞከርም፤ ስለዚህ እሷ አንዴ አውርዳ ለሁሉም በፍላሽ ታድላለች። ለመጨረሻው ሥራ የተሰጣቸው ፋይል ከሆስፒታላችን የሕፃናት ክፍል የተገኘ ጀርም ዘረ መል ነበር። ሃያውም ሠሩት፤ ሃያውም «የተለመደው መድኃኒት ይሠራል» የሚል መልስ አገኙ። ሃያ ሰው አንድ ቃል ሲናገር ማን ይጠረጥራል? መምህሩ ዓርብ ካየው በኋላ ለሐኪሞቹ ሊላክ ተወሰነ።

ዓርብ ጠዋት የፋይሉን መጠን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየች። ግማሽ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ተቋርጦ ኖሮ ማውረዱ ያለቀ መስሎ ቆሟል።

ፊቷ አመድ ለብሶ ወደ እኔ መጣች። እጅጌዬን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ሁሉም በእኔ እጅ ነው የተበላሸው» አለች በሹክሹክታ። «ከዚህ ክፍል ያባርሩኛል።»

«እታለም፣ ዝም በይ። ማን ያውቃል?»

«ሕፃናቱስ?»

የእሷ ፍርሃት ወደ እኔ ተጋባ።

መምህሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሃያ ሰው ፊት ቆመች። ዓይኗን ጨፍና «ግማሽ ፋይል ያደልኩት እኔ ነኝ፤ ውጤቱ እንዳይላክ» አለች። ዓይኗን ስትገልጥ መምህሩ አፉን እንደከፈተ ደርቋል። መስመሩ ተቋርጧል፤ አንድም ቃል አልሰማም።

ከተማሪዎቹ መካከል ከፊት የተቀመጠችው ነርስ አዘነችላት። «እትዬ፣ በኋላ በኢሜል ይጻፉለት። ፊት ለፊት ምን አስጨነቀዎት?»

እህቴ አልሰማቻትም። ከኋላ፣ ከማሽኑ ሥር ቁጢጥ ያልኩትን እኔን ታያለች። የተነቀለው የኢንተርኔት ገመድ እጄ ላይ ነበር፤ ሌሎቹ ስጠግን መስሏቸዋል።

«መልሰህ ሰካው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሰካሁት። መምህሩ ተመለሰ፤ «ይቅርታ፣ ምን አሉ?» አላት። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።

አላባረሯትም። ከሰዓት በኋላ ሙሉው ፋይል ወረደ፤ መድኃኒቱን የሚያከሽፈው ዘረ መል በጎደለው ግማሽ ውስጥ ነበር፤ የተለመደው መድኃኒት ያን ጀርም አይነካውም። በዚያ ሳምንት መድኃኒቱ ሊታዘዝላቸው የነበረ ሰባት ሕፃናት ነበሩ። ተማሪዎቹ ዛሬም ያን ቀን ሲያነሱ ኢንተርኔቱን ይረግማሉ፤ እኔም አብሬ እረግማለሁ።