የተቆለፈው የፊዚክስ ቁም ሳጥን

ያረጀ ባትሪ ድንጋይ ውኃ ሲያወጣ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ የእኔ ግን ደሜ ይፈላል።

ልጅ ሆኜ ጂንካ የተማርኩት አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ወላጆቼ ካኮ በሚባል ገጠር ያርሳሉ፤ አክስቴ ገበያ ላይ ሙዝና ኮረሪማ ትቸረችር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ የፊዚክስ አስተማሪያችን የኤሌክትሪክ መንገድ፣ ሰርኪዩት፣ በጠመኔ ይስልልን ጀመር። ሲሪየስ፣ ፓራለል እያልን እንደ መዝሙር ሸመደድነው። ከኋላችን ግን ቁልፍ የተንጠለጠለበት ቁም ሳጥን ነበር፤ ውስጡ እውነተኛ አምፖል፣ ሽቦና ባትሪ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን የዴስክ ጓደኛዬ ምሕረት፣ ሃና ከምትባል ሩቅ ከተማ መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር ዝምተኛ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አንዴ ብቻ ብናየው?»

«የመንግሥት ንብረት ነው። እናንተ ከነካችሁት ይሰበራል።»

ቅዳሜ አክስቴ ገበያ ስትወጣ የእጅ ባትሪዋን ፈታነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ሽቦ ነቀልን፤ ጫፉን በጥርሳችን ላጥን፤ ምላሳችን ላይ የመዳብ ጣዕም ቀረ። አገናኘነው፤ አልበራም። ልተወው ስል ምሕረት ጎንበስ ብላ አየችና «አንዱ ድንጋይ ተገልብጧል» አለች። አዞረችው። በራ! ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽን። ሽቦውን ስናላቅቀው ይጠፋል፣ ስናገናኘው ይበራል፤ መንገዱ ዞሮ ካልተመለሰ መብራት እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

ሰኞ ለአስተማሪያችን ልናሳየው ይዘነው ሄድን። ደስ ይለዋል ብለን ነበር። «ከቁም ሳጥኑ ነው የሰረቃችሁት!» አለና ባንዲራው ሥር፣ ተማሪው ሁሉ ፊት፣ አንበረከከን። ብንምል ብንገዘት አልሰማንም። የምሕረት ዘመዶች ያንኑ ቀን ሰሙ። ሌባ አናኖርም ብለው በማግስቱ ጠዋት ወደ ሃና በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ጫኗት።

ረፋዱ ላይ አክስቴ ባዶውን የእጅ ባትሪ ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። አማርኛዋ ከአካባቢው ቋንቋ ከአሪኛ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልጠፋባትም።

«አስተማሪ፣ ልጆቹ የሰረቁት የእኔን ነው። ያንተ ከጎደለ ክፈትና አሳየኝ።»

ዳይሬክተሩ አስከፈተው። ካርቶኑን ምስጥ በልቶታል፤ ባትሪዎቹ አብጠው አረንጓዴ ውኃ አውጥተዋል፤ አምፖሎቹና ሽቦው ከነፕላስቲካቸው እንደታሸጉ ናቸው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አንዲት ነገር አልጎደለም። ዳይሬክተሩ አፍንጫውን ይዞ «በቃ፣ ዝጋው» አለ፤ አስተማሪያችንም መልሶ ቆለፈው። ይቅርታ ያለን የለም። ምሕረትን መልሱ ብሎ ሰው የላከም የለም።

ዛሬ እኔም ፊዚክስ አስተምራለሁ። የአሁኖቹ ልጆች ሶላር ከባትሪ ጋር ራሳቸው ያገናኛሉ፤ የተበላሸ ስልክ ፈታትተው ይመጣሉ። አምፖል ሲያቃጥሉብኝ ሌላ እሰጣቸዋለሁ። ሲስቁ ደስ ይለኛል፤ ከደስታው ጋር ያ ንዴት ይመጣል።

ከሃና የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ምሕረት እጠይቃለሁ። በቀደም አንዲት ሴት «አግብታ ወልዳለች፣ ደህና ናት» አለችኝ። ተመስገን አልኩ። ግን ከሁለታችን ጎበዟ እሷ ነበረች፤ ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም።