የጃፓኑ ከል

ያኔ፣ በጣልያን ጊዜ፣ ልጅ ስለነበርኩ ሁሉን ቃል በቃል አስታውሳለሁ ማለት አልደፍርም። ኮሌጅ ገብቼ ይህን ስጽፍ ግን ጨርቁ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ወደ ቤታችን ያመጣው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ነበር። ቀሐ ወንዝ ዳር እኔና እናቴ ብቻ ነበርን የምንኖረው፤ እናቴ በእጅ በሚዞር መኪና ለጣልያን ሴቶች ልብስ ትሰፋ ነበር። ጨርቁ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ሰማያዊ ሆኖ፣ ዳር ዳራቸውን ውሃ የነካቸው የሚመስሉ ትንንሽ ነጭ ምልክቶች ነበሩበት።

«የጃፓን ነው» አለ አስተርጓሚው። «እዚያ በአንድ አውራጃ ገበሬዎች ለሥራ የሚለብሱት። አሁን የከተማ ሴቶች ዘመናዊ ቀሚስ ያሰፉበታል ትላለች ያዘዘችው ጣልያናዊት፣ ሲኞራዋ። ወገቡን ጠበብ፣ ኮሌታውን ሰፋ አድርጊው።»

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ያደገች ናት። ጨርቁን ገልብጣ ብታየው ነጩ በሁለቱም ፊት አንድ ሆነባት። «በላዩ የተቀባ አይደለም» አለችኝ። «ክሩን ሳይሸምኑት ቦታ ቦታውን አስረው ነው የነከሩት።»

አስተርጓሚው ሲወጣ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆመ።

«ባልሽስ ከመተማ መቼ ነው የሚመለሰው? ንግድ እንዲህ ያቆያል?»

«መንገዱ ነው ጌታዬ።»

አባቴ መተማ አልነበረም። ወገራ፣ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር። ይህን ከእኔና ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም። ቢታወቅ እኛን ያስሩናል፤ እሱንም አድነው ይገድሉታል። ስለዚህ አስተርጓሚው በመጣ ቁጥር ከእናቴ ኋላ እሸሸግ ነበር።

የሲኞራዋ ቀሚስ ሲያልቅ ትራፊው ለእናቴ ተተወላት። ብዙ ነበር። እሷም በዚያው ፋሽን ለራሷ ሰፋችና አንድ ጠዋት ለብሳው ደጅ ወጣች። ዞር ዞር እያለች ታሳየኛለች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ጎረቤታችን ባልቴቷ እንስራ አዝለው ከወንዝ ይመጡ ነበር። ከሩቅ ነጩ ምልክት አይታይም፤ የሚታየው ጥቁረቱ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥቁር፣ ከል የምንለው፣ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። እንስራቸውን አውርደው ደረታቸውን መቱ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ። ያ ሸጋ ሰው።»

ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። እናቴ «እትዬ፣ ይሄ እኮ...» ብላ ስትጀምር፣ አስተርጓሚው ሌላ ስፌት ይዞ ከኋላችን ደርሷል።

«ማን ሞተ?»

«ባሏ ነዋ፣ ማን ይሆናል» አሉ ባልቴቷ።

እናቴ ቀሚሷን ቁልቁል አየች። ምን እንደምታስብ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። የሞተን ሰው የሚፈልገው የለም።

«መተማ ነው። ወባ ነው አሉኝ» አለችና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

አስተርጓሚው ኮሌታውንና ቁልፎቹን አየ። «ኮሌታ ያለው ከል ገና ዛሬ አየሁ። ሐዘኑም ከጃፓን መጣ?»

የሳቀ የለም። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። አባትሽ የት ነው?»

በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው። ሞት በአፍ ከተጠራ ይመጣል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴን አየኋት፤ እሷ ግን መሬት መሬቱን ታያለች።

«ሞቷል» አልኩ።

አለቀስኩ። ለቅሶዬ የውሸት አልነበረም፤ የገደልኩት እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አስተርጓሚው ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ነፍስ ይማር» አለና ሄደ።

ሴቶቹ ገብተው መቀመጫ ሲፈልጉ እናቴ እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«እንትፍ በይው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቃሉን ከአፍሽ አውጪው፣ ቶሎ በይ።»

ሞከርኩ። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። እንደገና ሞከርኩ። ከወዲያ በኩል ባልቴቷ የአባቴን ስም እየጠሩ ሙሾ ማውረድ ጀምረው ነበር።