ለደብረ ብርሃን አየር የሚሆን ሞተር

ጋሽ ታጁ ያዕቁብ ስለ ሞተር ከመናገራቸው በፊት ሞተሩን ይሰማሉ። የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። የወፍጮው ባለቤት አጠገባቸው ቆሞ ፍርዱን ይጠብቃል። «ኩሽኔታው አልቋል» ካሉ አልቋል። ተፈትቶ ሲታይ ደህና ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ካለ እኔ አልሰማሁም፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም።

እኔ ገብረአብ እባላለሁ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። መጽሐፍ ሳይገልጥ የሚከራከረኝ ሰው ያናድደኛል። መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ያናድደኛል። ተማሪዎቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ መጽሐፋቸውን የሚያስረክቡኝ ሌሊቱን ሙሉ በላጲስ ሲፈትጉ አድረው ነው። ከጋሽ ታጁ ጋር ጎረቤት ነን። በጠባይ ግን ጨርሶ አንገናኝም፤ ስለዚህም ይመስለኛል አንዳችን ያለ አንዳችን ቅዳሜን ማሳለፍ የማንችለው።

ጋሽ ታጁ ቆላ፣ አሊዩ አምባ ተወልደው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ መኪና ላይ ከተጫነ የናፍጣ ወፍጮ ጋር ተቀምጠው ወደ ደጋ ወጡ። ወፍጮውን ሊተክሉ መጥተው እሳቸውም ተተክለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ከአንኮበር እስከ ለሚ፣ ከለሚ እስከ አረርቲ ያልጠገኑት ወፍጮ ቢኖር ገና ያልተገዛው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጁወይሪያ «ይሄ ሰውዬ እኔን ያገባኝ ሞተር ስላልሆንኩ ሊያርፍ ነው» ይላሉ።

የአውሮፕላኑ ነገር የመጣው በልጃቸው በሁስና ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ወፍጮ ቤት ደጃፍ ዱቄት ለብሳ ተቀምጣ በሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላን አየች። «አባ፣ ሞተሩን አንተ ነህ የሠራኸው?» ብላ ጠየቀች። የሞተር ሁሉ ባለቤት አባቷ ይመስላት ነበር። ጋሽ ታጁም «የሱን አይደለም፤ ያንቺን ግን እሠራዋለሁ» አሏት። ልጅቷ አደገች፤ እኔው ዘንድ ፊዚክስ ተማረች፤ ዱባይ ሄዳ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘች። አባትየው ግን ቃላቸውን አልረሱትም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንድ ቀን መጥተው «መምህር፣ በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ የሚያወራ መጽሐፍ አለህ ወይ?» አሉኝ። አንድ ነበረኝ፤ ለጀማሪዎች የተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ። እኔ እያነበብኩ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየቆረጡ እያጣበቁ፣ በሰባት ወር ውስጥ አውሮፕላኑ ቆመ። ክንፉ ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም፣ ሆዱ ከስስ ኮምፔንሳቶ ነው። በረራውንም ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ሲለማመዱ ስንት አውሮፕላን እንደከሰከሱ እሳቸውና አላህ ያውቃሉ። ኋላ ኋላ ግን ከእኔ ይሻሉ ጀመር።

የቀረን ሞተሩ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሁስና በቴሌግራም ጻፈች። ጥር ላይ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ትመጣለች፤ ሞተሩን ከዚያ ገዝታ ታመጣዋለች። «አንድ ብቻ ነው የምይዘው፤ ስለዚህ የቱ እንደሆነ በደንብ አስባችሁ ንገሩኝ። ሲበር ካላየሁት ግን ተጣላን!» ይላል መልእክቷ። ጋሽ ታጁ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ልጅቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው።

እኔ መጽሐፌን ይዤ ሄድኩ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ በዚህ መጠን ለተሠራ የጀማሪ አውሮፕላን ባለ አርባ ሞተር እንደሚበቃ በግልጽ ተጽፏል። ቁጥሩ የሲሊንደሩን ስፋት የሚናገር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቱም ይጨምራል። መጽሐፉ ጉልበቱ የበዛ ሞተር ለጀማሪ እንደማይመከርም ያክላል። ጋሽ ታጁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«ይሄን የጻፈው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?»

ሽፋኑን ገልብጬ አየሁ። «ውቅያኖስ ዳር ያለ ከተማ ነው።»

«በቃ፤ ለጎረቤቶቹ ነው የጻፈው። እኛ ያለነው የደመናው ጉልበት ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንደ እኔና እንዳንተ ካልተነፈሰ አይሠራም።»

«አውቃለሁ ጋሽ ታጁ፤ እኔ እኮ የማስተምረው እሱን ነው።»

«ካወቅህማ ስማኝ። ያ ተጭኜበት የመጣሁት ወፍጮ አሊዩ አምባ እያለ ማሽላውን እንደ ውኃ ነበር የሚያወርደው። እዚህ ተክለን ብናስነሳው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ባለቤቱ ዓይን በልቶብኝ ነው ብሎ ጠበል ሊያስረጭበት ነበር። እኔ ፑሊውን ቀየርኩለት፤ ከዚያ በኋላ እያዘገመም ቢሆን ፈጨ። ግን ወላሂ፣ የጉልበቱን ሩብ እዚያው ቆላ ትቶት ነው የመጣው። ለሁስና ባለ ሃምሳ አምስት በላት።»

ሁስና ለሱቁ የምታሳየውን እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ያዝኩና መጽሐፉን አየሁ፣ ጋሽ ታጁን አሰብኩ፣ መጽሐፉን ደግሜ አየሁ። የወፍጮ ወሬ ለአውሮፕላን ምን ያደርጋል አልኩ። ጉልበተኛ ሞተር ጀማሪ እጅ ገብቶ የሰባት ወር ሥራ ቢከሰክስስ አልኩ። ከፍታ ሲጨምር አየር እንደሚሳሳ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው፣ ያንኑ ነገር አንድ ወፍጮ ጠጋኝ ስለነገረኝ አላምን አልኩ። እውነቱ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም። ባለ አርባ ብዬ ጻፍኩላትና ላክሁት።

ሁስና ጥር ሰባት ቀን ገባች። እናቷን ልታቅፍ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ጋሽ ታጁ ካርቶኑን ከፍተው ሞተሩን አወጡ። እጃቸው ላይ አገላበጡት፤ ቁጥሩንም አዩት። «ሃምሳ አምስቱን አጥታ ይሆናል» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሞተሩ የሚናገሩ ይመስል ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ከጻፍኩት ይልቅ ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለቀበሌው አሳውቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ሞከርነው። ነዳጁን ጋሽ ታጁ ራሳቸው ከሜታኖልና ከጉሎ ዘይት ቀላቅለውታል። ሞተሩ ተነሣ፤ አውሮፕላኑም ሣሩ ላይ እየዘለለ ሮጠ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ። እንደገና አስነሳነው፤ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ከመሬት ተላቀቀና ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁስና «አባ፣ ይሄ እኮ ዶሮ ነው» ብላ ሳቀች። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ፕሮፔለር አደረጉለት፤ በአራተኛው ቀን ትልቅ። ክብደት ለመቀነስ ሆዱን ሳይቀር ፋቁት። ሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ሁስና የምትመለሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ባለቀበት ቀን ከሜዳው ስንመለስ ግን አልሳቀችም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ታጁ ፕሮፔለሩን ለአራተኛ ጊዜ ሊፈቱ ተቀመጡ። እጃቸው ተሰንጥቋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ ማደር አልቻልኩም።

«ጋሽ ታጁ፣ ፕሮፔለሩን ይተዉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁስና ሃምሳ አምስቱን አላጣችም፤ አርባ ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ።»

ሁስና «ቲቸር!» አለች። ጋሽ ታጁ ቀና ብለው አዩኝ። አርባ ዓመት የሞተር ሕመም ሲያዳምጡ የኖሩበትን ጆሮ ወደ እኔ ያዞሩት መሰለኝ። ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን ብሎኑን መልሰው አጠበቁና ሞተሩን አስነሱ፤ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አጠፉት።

«ሞተሩ ምንም አልሆነም» አሉ። «ያልተስማማው ቦታው ነው። ሌላ ሞተር ለማምጣት ጊዜ የለም፤ አየር ወዳለበት መውረድ ግን እንችላለን። ነገ አሊዩ አምባ ነን፣ ኢንሻአላህ። መምህር፣ አንተ ሆዱን ትይዛለህ፤ ሁስና ክንፉን።»

በማግስቱ ክንፉ ሁስና ጭን ላይ፣ ሆዱ እኔ ጭን ላይ ሆኖ በሚኒባስ ወጣን። አንኮበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ እኔ ሹራቤን እስከ አገጬ ሳብኩ። ከዚያ መኪና ቀይረን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ከአንድ ሺህ ሜትር የበለጠ ነው የሚወረደው። ግማሽ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ጆሮዬም ድፍን አለ። ስነካካው ጋሽ ታጁ አዩኝ።

«ተደፈነ?»

«ተደፈነ።»

«አየር ነው» አሉ። «ገጽ ስንት ላይ ነበር ያልከኝ?»

ሁስና ክንፉን እንዳትጥል ፈርታ ሳቋን ዋጠችው። እኔም ይገባኝ ነበርና ዋጥኩት።

የገበያ ቀን ስላልነበር ከተማው ጸጥ ብሏል። የጋሽ ታጁ ታናሽ ወንድም ዓብዱ ማሽላው የታጨደበትን ማሳ አስጠርጎ ጠበቀን። ጋሽ ታጁ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት የነዳጁን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ከፈት አደረጉት። «እዚህ አየሩ ጠግቧል፤ ነዳጁም አብሮ ይጠግብ። ደብረ ብርሃን ላይ እንደነበረው ብንለቀው ግሎ አየር ላይ ይጠፋል» አሉን። ሲነሣ ድምፁን እኔም ለየሁት። ደጋ ላይ ያጉረመርም የነበረው ሞተር እዚህ ጥርት ብሎ ጮኸ። ካቻቢቴ አላስፈለጋቸውም።

ሪሞቱን ያዙ። «ቢስሚላህ» አሉና ለቀቁት። ወድቆ ቢሰበር የሚጠገንበት ጊዜ አልነበረንም፤ ሁስናም ዓርብ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ትነሣለች። አውሮፕላኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጠ። በሠላሳ አንደኛው ላይ መሬት አልነበረም። ወጣ። ከማሳው ዳር ካለው ግራር በላይ ወጣ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ በአንኮበር ገደል ትይዩ ተመለሰ። የጋሽ ታጁ አውራ ጣቶች ብቻ ናቸው የሚንቀሳቀሱት። ዓብዱ «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም በስመ አብ አልኩ።

ሁስና አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። ሦስተኛውን ዙር ሲያዞሩት እጇን አነሣችና፣ ያን የሰባት ዓመቷን ጥያቄ በዚያው በልጅነት ድምፅዋ ጠየቀች።

«አባ፣ ሞተሩን አንተ ነህ የሠራኸው?»

ጋሽ ታጁ ዓይናቸውን ከሰማዩ አላነሱም።

«አይደለሁም» አሉ። «ሞተሩን የመረጠልሽ መምህር ነው።»

እንደ ፌዝ ብቻ ብወስደው በቀለለኝ። ግን ሲናገሩ አልሳቁም፤ በወንድማቸውና በልጃቸው ፊት፣ ጥፋቴን ከሚያውቁ ሰዎች መሐል አቁመው፣ ከተሳካው ነገር ድርሻዬን ሰጡኝ። ፊቴን አዙሬ ያየሁት ግራሩን ነው፤ ዓይኔ ግን ግራሩን አላየውም።

ሲያርፍ አንድ መንኮራኩር ተሰበረ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ዓብዱ ቤት ምሳ ቀርቦ ስንጠብቅ ከቦርሳዬ መጽሐፉን አወጣሁ። ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ። እስክሪብቶዬንም አወጣሁ። ሁስና ይህን ስታይ ከተማሪነቷ ጊዜ ጀምሮ የምታውቀኝ ናትና «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። በኅዳጉ ላይ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ለደብረ ብርሃን ሃምሳ አምስት፤ ታጁ ያዕቁብ።

ለጋሽ ታጁ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ አነበቡት፤ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ መጽሐፉን መለሱልኝ።

«ገና ነው» አሉ። «ለአሊዩ አምባ አርባም ይበቃል በል። ስምህንም አግባ።»

ጻፍኩት።