የጋቢናው ሎሚ

ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ለሥራ ስመላለስ እርግዝናው ያዞረኝ፣ ያቅለሸልሸኝ ነበር። የሚኒባሱ ሾፌር ጋሽ አንለይ ጋቢናውን ይይዙልኛል፤ የማሸተው ሎሚም አይጠፋም። ጽንሱ ወርዶብኝ ሰንብቼ ስመለስም «ነይ ልጄ፣ ቦታሽ ይኸው» አሉኝ። ያልሰሙ መስሎኝ ሎሚውን ይዤ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ከኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ማስታወክ ጀመረች።

«ጋቢና ያለችው ትነሳላት እንጂ!» አለ አንዱ።

ጋሽ አንለይ ቱግ አሉ፤ «እሷስ ነፍሰ ጡር አይደለችም?»

ሴትዮዋ አፏን እየጠረገች «ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅሁም» ስትለኝ አላስቻለኝም። ሎሚውን አቀበልኳትና «ጋሼ፣ ያቁሙላት፤ የእኔስ ወርዷል» አልኩ።

ዳር ይዘው አቆሙ።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፤ «ከኋላ ሁኚ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ?»