ናኖ ብናኝ በቡና አልጋ ላይ

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ግን ቦንጋ ውስጥ የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። እንግሊዝኛም የተማርኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያችን ማኅበር የፍሳሽ ኩሬ ኃላፊ ያደረገኝ ለዚህ ነው። ሌላ ፈቃደኛ ጠፍቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው።

ኩሬዎቹ ሁለት ናቸው። የቡናው እጣቢ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ሁለቱም አልጌ ለብሰው የጎመን ማሳ መሰሉ። ከታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻችን ውሃውን አንጠጣም አሉ ብለው ከሰሱን። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮም ወደ ወንዙ የሚወርደው ውሃ ከቡና ለቀማው በፊት ካልጠራ የማጠቢያ ጣቢያው ይታሸጋል አለ። ከታሸገ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ቡናውን የሚያስረክብበት የለውም።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ተመራማሪ ጥቁር ፈሳሽ በሁለት ጀሪካን ይዛ መጣች። ውስጡ ናኖ የሚባል በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ እንዳለ፣ አልጌው ላይ እንደሚጣበቅና በማግኔት ተስቦ አብሮት እንደሚወጣ አስረዳችኝ። ማግኔት ስትል ልቤ ሞቀ፤ ቤቴ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ሞልቷል። አንዱን ጀሪካን እንዳልከፍተው አደራ ብላ ትታልኝ፣ ሌላውን ይዛ ለሙከራ ወደ ዋጫ ከተማ ሄደች።

እኛ ጋ እርጥብ ሆኖ የመጣ ነገር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቡና ካልደረቀ ይሻግታል፤ ብረትም ውሃ ውስጥ ከቆየ ይዝጋል። ስለዚህ በቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ሸራ አንጥፌ ብናኙን አሰጣሁት፤ እንደ ቡናም አገላበጥኩት። ስትመለስ ጥቁሩ ቀይ ሆኖ፣ ተጋግሮ ጠበቃት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝገት ነው።»

«ደርቋል ልጄ፤ ከእንግዲህ አይበላሽም።»

«እሱስ ከዚህ በላይ አይበላሽም» አለች።

ከዋጫ የተረፋት ለትልቁ ኩሬ አይበቃም ነበር። ሁለቱን ኩሬዎች የሚያገናኘውን ቦይ በጭቃ ደፍነን ትንሹን ብቻ እናጽዳ ያለችው እሷ ናት። ማግኔቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ በገመድ መጎተት ግን የእኔ ሥራ ነው። አረንጓዴው ዝቃጭ እየተግበሰበሰ ወጣ። የቢሮው ሰው ከትንሹ ኩሬ በብርጭቆ ቀድቶ አየና፣ ትልቁ እስኪጸዳ ቦዩ እንደተደፈነ ይቆይ፣ ጣቢያው ግን ይሥራ አለ።

እንግዲህ ያከናወንኩት ይህ ነው፦ ትንሹን ኩሬ አጠራሁ። ጣቢያውን ከመታሸግ አዳንኩ። ባለቤቴ ልትጥላቸው የዛተችባቸውን ማግኔቶች አስከበርኩ። ተመራማሪዋ አሁን በምታመጣው ጀሪካን ሁሉ ላይ ደግሞ በትልቁ «ፀሐይ ላይ አይሰጣ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱንም ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።