ጎማ የሌለው ባጃጅና የጋሽ ካሳዬ ዶሮዎች

የመርሳው ባጃጅ ጠጋኝ ጋሽ ካሳዬ በሰኔ መግቢያ አርፈዋል። ማታ እየሳቁ ተኝተው ጠዋት አልተነሱም። ይህን የምጽፈው እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ፤ የምጽፈውም በሐራ፣ በግራናና በወልድያ ላላችሁ፣ ዜናው ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ደንበኞቻቸው ከጋራዡ በር ላይ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው ሳለ፣ አንድ ነገር እንደ ጎደለ መጀመሪያ የነገሩን የጓሮ ዶሮዎቻቸው ነበሩ። በር የሚከፍትላቸው ሰው ዘግይቶባቸው ይጮኹ ነበር።

ብዙዎቻችሁ እርሳቸውን የምታውቁት በመፍቻና በግሪስ ነው። እኔ ስለ ጓሯቸው ላጫውታችሁ። በእኛ አገር ዶሮ የሴት ሀብት ነው፤ ወንድ ልጅ ዶሮ ሲያባብል ከታየ ስም ይወጣለታል። ለእርሳቸውም ወጥቶላቸው ነበር፦ «የዶሮ ሹፌር»። ከጓሮው ጥግ ጎማም ሞተርም የሌለው የባጃጅ ቀፎ አለ። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ሁሉ መጀመሪያ የምትገባው እዚያ ነው። ዙሪያው በሽቦ ታጥሮ፣ የራሷ ውኃና ጥሬ ቀርቦላት፣ ከሌሎቹ ርቃ ሁለት ሳምንት ያህል ትቀመጣለች። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ጋሼ፣ ተሳፋሪዋ ወዴት ናት?» ሲላቸው፣ «ወልድያ! ገና አልሞላም፤ ግባ!» ይሉታል።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ለጠየቀ ሰው ምክንያቱን ይነግሩ ነበር። «ዶሮ በሽታዋን ደብቃ ነው ገበያ የምትወጣው። እንግዳ ይከበራል፤ ግን መጀመሪያ በር ላይ ይቆያል።»

የታመመች ዶሮ ሲያመጡላቸው ከማየታቸው በፊት ያዳምጧት ነበር። ደረቷን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ሞተር እንደሚሰሙት። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጫጩቶቻቸው ተኮራምተው፣ ደም የቀላቀለ ኩስ እየጣሉ ሲያልቁባቸው አስጠሯቸው። ጋሽ ካሳዬ ገብተው ጫጩቶቹን ትተው ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ዘይነባ፣ ይህ እርጥበት ከየት የመጣ ነው?»

«ከጄሪካኑ ነው የሚንጠባጠበው። ወላሂ የታመሙት ጫጩቶቹ ናቸው! ጄሪካኔን ነው እንዴ የሚያክሙልኝ?»

«መጀመሪያ እሱ ይታከም።»

ጄሪካኑ ተደፈነ። እርጥቡ ጭድ ተጠርጎ ወጥቶ ደረቅ ተነሰነሰ። መድኃኒቱም ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠይቆ በሚጠጡት ውኃ ተሰጣቸው። ከጫጩቶቹ የቀሩት ተረፉ። «መድኃኒት ከወለል ይጀምራል» የምንለው ነገር ከዚያ ቀን የቀረ ነው።

እንቁላል መጣል አቁማ ጎጆዋ ላይ የምትጣበቅ ዶሮ ስትኖር ደግሞ ሰፈራችን መታቀፉን ሊያስተዋት ይነሳል። አንዱ ቁልቁል ይሰቅላታል፣ ሌላው በአፍንጫዋ ላባ ይሰካባታል። ጋሽ ካሳዬ ይህን ካዩ ዶሮዋን ተቀብለው ይወስዳሉ። «በሽታ አይደለም፤ ሐሳብ ነው የያዛት። ሐሳብ ያለበት ቁልቁል አይሰቀልም» ይሉ ነበር። እንቁላል ያስታቅፏታል። ቀናት ካለፉ በኋላ እያንዳንዱን እንቁላል በተቀደደ ካርቶን በኩል በባጃጅ መብራት ፊት ያዞሩታል፤ ውስጡ ቀይ ሥር እንደ ሸረሪት ድር የዘረጋው ይመለሳል፣ ባዶው ይወጣል። ግጥም እንደምሞክር ስለሚያውቁ፣ «ያንተንም አምጣው እንጂ በመብራቱ እንየው፤ ፍሬ ካለው ይታቀፋል» ይሉኝ ነበር።

ዘንድሮ ከእትዬ ዘይነባ ጋር አንድ ክርክር ገጠሙ። እትዬ ዘይነባ «ነጎድጓድ እንቁላል ያበላሻል፤ ከጭዱ ሥር ምስማር ካልገባ ጫጩት የለም» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቃል ወይ ያምናል። ጋሽ ካሳዬ ግን «ዶሮዎቹን እንጠይቃቸዋ!» አሉ። ሁለት ዶሮዎችን በሁለት ቅርጫት ጎን ለጎን አስታቀፉ። ከአንዷ ጭድ ሥር ምስማር ከተቱ፣ ከሌላዋ አልከተቱም። ከዚያ እንደ ልጅ ወደ ሰማይ እያዩ ነጎድጓድ ይጠብቁ ጀመር። ነጎድጓዱ ሳይመጣ እርሳቸው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን ፈንግል ግራና ገባ የሚል ወሬ መጥቶ ነበር። ፈንግልን ያየ ያውቀዋል፤ የዶሮዋ አንገት ይጠመዘዛል፣ ጥቂት ሳይቆይ ቆጡ ባዶ ይሆናል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ቀድሞ መከተብ ነው። የክትባቱ አንድ ብልቃጥ ደግሞ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አያድርም። በእኛ ሰፈር ከጥቂት ዶሮ በላይ ያለው ቤት ስለሌለ፣ ወይ ሰፈሩ ሁሉ ዶሮውን በአንድ ምሽት ያወጣል፣ ወይ ብልቃጡ ይደፋል። ሰፈሩን የሚሰበስቡት ጋሽ ካሳዬ ነበሩ። ወሬ ሲሰማ ዶሮ አንጠልጥሎ ወደ ገበያ የሚሮጠውንም መንገድ ላይ ያስቆሙት ነበር። «ይህ መሸጥ አይደለም፤ ለበሽታው መላላክ ነው።»

በመጨረሻ ቀናቸው ወልድያ ሄደው ክትባቱን በረዶ በሞላበት ቴርሞስ ይዘው መጡ። ሚኒባስ ላይ አንዱ «አባባ፣ ሻይ ነው?» ብሏቸው፣ «ነው፤ ግን ለዶሮ ነው» ብለውታል። ማታ ይህን እየነገሩን ሳቁ። ብልቃጡን ደጃፋችን ካለው ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡ፣ ለሰፈሩም ቀን ቀጠሩ። ቀጠሮው ሰልስታቸው ላይ ዋለ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ የሱቁ ማቀዝቀዣ እየሞቀ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ለቅሶ ቤት ውስጥ የዶሮ ነገር እንዴት ይነሳል? አመሻሹ ላይ እትዬ ዘይነባ ገብተው ከጋሽ ካሳዬ ባለቤት ከእትዬ ዘውዴ አጠገብ ተቀመጡ። ከሻርፓቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ዞር አሉ።

«ዘይነባ፣ ለቅሶ ነው የመጣሽው ወይስ ገበያ?»

«ቀጠሮ ይዤ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከሟቹ ጋር። ሰው ሞተ ብዬ ቀጠሮውን አላፈርስበትም።»

ሁላችንም ወደ እትዬ ዘውዴ አየን። ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም ነበር።

«አንድ ብቻ ነው እንዴ ያመጣሽው?» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ሌሎቹስ የታሉ?»

«ሌሎቹ በር ላይ ናቸው። ሴቶቹም ሁሉ ቅርጫታቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል፤ አፍረው ነው።»

«ይግቡ።»

እትዬ ዘውዴ ጥቁር ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሱ። ለዓመታት በየክትባቱ ምሽት መብራቱን ይዘው የቆሙት እርሳቸው ስለነበሩ ሥራውን ያውቁታል፤ ጭንቅላቷን ማዘንበል፣ አንድ ጠብታ በዓይኗ ማስገባት፣ እስክታርገበግብ መጠበቅ። ጋሽ ካሳዬ የራሳቸውን ዶሮዎች የሚከትቡት ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ «የራሴን ካስቀደምኩ በሰው ዶሮ ላይ እጄ ይቸኩላል» ብለውኛል። ስለዚህ እትዬ ዘውዴ «የእሱ መጨረሻ» ሲሉ ማንም አልገረመውም። እትዬ ዘይነባ ግን የሟቹን ቀይ ዶሮ ከቆጥ አውርደው፣ አቅፈው ከፊት ቆመው ነበር።

«አብሽሪ፣ ዘውዴ። ዛሬ እንግዳው እሱ ነው። እንግዳ ይቀድማል።»

የመጀመሪያው ጠብታ በቀይዋ ዶሮ ዓይን ገባ። እትዬ ዘውዴ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው፤ እያለቀሱም ቀጣይዋን ዶሮ ተቀበሉ። የእድሩ ዳኛም ኮታቸውን አውልቀው ዶሮ ሲይዙ አመሹ። ሁለቱ ታቃፊዎች ከቅርጫታቸው ሳይነሱ ድርሻቸውን አገኙ። ብልቃጡ ባዶውን ቀረ።

ጋሽ ካሳዬ፣ መጠየቅ ይወዱ ስለነበር ያልሰሙትን ልንገርዎት። ፈንግሉ ወደ እኛም ወርዶ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ብዙ ቆጥ ባዶ አድርጓል። የእኛዎቹ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይጮኻሉ። ነጎድጓዱም መጣ፤ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ደረሰ። ምስማር ያለባትም ፈለፈለች፣ ምስማር የሌለባትም ፈለፈለች። ለእትዬ ዘይነባ ስንነግራቸው ምን አሉ መሰለዎት? «ቅርጫቶቹ ጎን ለጎን አይደሉም እንዴ? አንዱ ምስማር ለሁለቱም በቅቷል!» እርስዎ ቢኖሩ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ «እውነቷን ነው፤ ማራራቅ ነበረብን» ይሉ ነበር። እንግዲህ በሚቀጥለው እናራርቃቸዋለን፤ አንዷን በእርስዎ ጓሮ፣ አንዷን በእርሳቸው።

ጋራዡ ተዘግቷል። ባጃጅዎ ግን ሥራ አልፈታም፤ ትናንት ከሐራ ገበያ የመጣች ገብስማ ቄብ ዶሮ ተሳፍራበታለች። አንድ መንገደኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀ። እትዬ ዘውዴ ጥሬ እየበተኑላት፣ ቀና ሳይሉ፣ «ወልድያ፤ ገና አልሞላም» አሉት።

እርስዎ ቀደሙን። በደህና ይግቡ፣ ጋሼ።